ስሟ አንድ፣ ዝርያዋ አምስት፦ በ«ቆላ ዝንብ» አሰያየምና አገላለጽ ላይ የቀረበ ሂስ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ጥግ የሚገኘው ቂሊንጦ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት የእህል ማሳ ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ፣ የመድኃኒት ፋብሪካዎች እንዲሰባሰቡበት የታሰበ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ቢራ ፋብሪካና ማረሚያ ቤት ያቀፈ አካባቢ ሆኗል። ነዋሪው በገበታውና በከብቱ ጀርባ ላይ የሚያርፈውን ዝንብ ያውቃል፤ «የቆላ ዝንብ» የተባለችውን ግን በደጁ አላያትም፤ ሊያያትም አይችልም። ቦታው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። የዚህች ዝንብ የከፍታ ወሰን ደግሞ በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ 1,600 ሜትር ገደማ ተደርጎ ሲወሰድ ኖሯል፤ ከዚያ በላይ የተያዘችባቸው ሸለቆዎች መኖራቸው ቢመዘገብም የአቃቂ ሜዳ ከእነዚህ አንዱ አይደለም።

ይሁንና ቂሊንጦ በሚገኝበት በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በቃሊቲ፣ ይህችው ዝንብ በጣራ ሥር፣ ሙቀቱና እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ውስጥ፣ በስስ ሽፋን በኩል የከብት ደም እየተቀለበች እንድትራባ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው የደቡብ ስምጥ ሸለቆ የጼጼ ዝንብ ማጥፊያ ፕሮጀክት ያስገነባው የማርቢያና የማምከኛ ማዕከል በ1999 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2007፣ ተመርቋል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው ደጋ መሆኑ ለሥራው የሚከፋ አልነበረም፤ ከክፍሏ ያመለጠች ዝንብ የቃሊቲን ሌሊት ተቋቁማ ዘር አትተካም። አብዛኛው የጤና ባለሙያ ስለዚህ ማዕከል ያለው ዕውቀት «ዝንብ የሚያራቡበት ፋብሪካ» ከሚለው የዜና ወሬ አያልፍም። የትኛዋ ዝንብ? የሚለውን ጥያቄ የሚያነሳ ጥቂት ነው፤ የሥራው መሠረት ግን ይኸው ጥያቄ ነበር።

በኢትዮጵያ በሰነድ የታወቁት የጼጼ ዝንብ ዝርያዎች አምስት ናቸው፦ ግሎሲና ፓሊዲፔስ፣ ግሎሲና ሞርሲታንስ ሰብሞርሲታንስ፣ ግሎሲና ፉሲፔስ ፉሲፔስ፣ ግሎሲና ታኪኖይደስ እና ግሎሲና ሎንጂፔኒስ። አምስቱም በአማርኛ ሥልጠናዎች፣ በራሪ ወረቀቶችና የሬዲዮ መልእክቶች ላይ «የቆላ ዝንብ» በሚል አንድ ስም ይጠቃለላሉ፤ መግለጫቸውም ብዙ ጊዜ «ቡናማ መልክ ያላት፣ ደም የምትመጥ፣ የገንዲ በሽታ የምታስተላልፍ ዝንብ» ከሚል ዓረፍተ ነገር አይዘልም። እዚህ የሚተቸው ይኸው አገላለጽ ነው። ስሕተት ስለያዘ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቃል ለየብቻው ሲታይ እውነት ነው። ችግሩ መግለጫው ዝንቧን ከሌላ ዝንብ የማይለይ መሆኑ ነው። መለየት የማይችል መግለጫ ደግሞ መግለጫ ሊባል አይገባውም።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። «ቆላ» የአየር ጠባይ ስም እንጂ የነፍሳት መለያ አይደለም። ወባ አስተላላፊዋ ትንኝም የቆላ ናት፤ በመተማና በሑመራ እርሻዎች ካላ አዛርን የምታስተላልፈው ጥቃቅን ነፍሳትም የቆላ ናት። የኋለኛይቱ «የአሸዋ ዝንብ» ስትባል ስሙ ከሌላ ቋንቋ ቃል በቃል ተገልብጦ የመጣ ነው፤ አድማጩም በአሸዋ ላይ ይፈልጋት ይሆናል። እርሷ ግን የምትጠለለው በመሬት ስንጥቅ፣ በግራር ሥርና በኩይሳ ውስጥ ነው። ቁንጭርን የሚያስተላልፉት የዚህች ነፍሳት ዘመዶች፣ ፍሌቦቶመስ ሎንጂፔስና ፍሌቦቶመስ ፔዲፈር፣ ጭራሽ የደጋና የወይና ደጋ ገደል ነዋሪዎች ናቸው። «ጼጼ» የሚለው ቃል ከሴትስዋና ቋንቋ የተወሰደ የውጭ ቃል ቢሆንም ቢያንስ አንድ ወገን ነፍሳትን ብቻ ያመለክታል፤ በዚህ ረገድ ከ«ቆላ ዝንብ» የተሻለ ነው። ስያሜው አገርኛ መሆኑ ብቻ ትክክለኛ አያደርገውም።

ጼጼን ከሌሎች ደም መጣጭ ዝንቦች መለየት እንደሚታሰበው አስቸጋሪ አይደለም፤ የሚያስፈልገው የተለመደ ዓይንና አንድ የእጅ ማጉያ መነጽር ነው። ስታርፍ ሁለት ክንፎቿን እንደ መቀስ ስለት አንዱን በሌላው ላይ ደርባ ታጥፋለች፤ የቤት ዝንብም ሆነ ከብት የሚያሳድዱት ትልልቅ ዝንቦች እንዲህ አያጥፉም። መውጊያ አፏ ከራሷ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከሁሉም በላይ የማያሳስተው ምልክት በክንፏ መካከል ይገኛል፤ በክንፍ ሥሮች የታጠረ፣ የመጥረቢያ ቅርጽ ያለው ክፍል ነው። ይህ ምልክት በየትኛውም ሌላ ዝንብ ላይ ስለማይታይ ሌላው አካሏ ተቀጥቅጦ ክንፏ ብቻ ቢገኝ እንኳ ጼጼነቷ ይታወቃል። ይህን በአንድ ሥዕል ማሳየት የሚቻል ሆኖ ሳለ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚሰጠው ትምህርት በቀለም መግለጫ ላይ መቆየቱ ያሳዝናል።

የአንዱን የጼጼ ዝርያ ከሌላው መለየት ግን ሌላ ደረጃ ነው፤ እዚህ ላይ የገለጻው ታሪክ ራሱ ትምህርት ይሰጣል። በአገራችን ከሚገኙት አንዷ የሆነችው ሎንጂፔኒስ ለሳይንስ የተገለጸችው በ1895 በጣሊያናዊው ኮርቲ ነው። ኮርቲ የመረመራቸው ዝንቦች ካፒቴን ቪቶርዮ ቦቴጎ በ1892 እና 1893 የጁባን ወንዝና ገባሮቹን ሲያስስ ከተሰበሰቡት ነፍሳት ውስጥ የተገኙ ነበሩ። ዝንቧ ወደ ጄኖቫ ሙዚየም የሄደችው በቅኝ ገዢ ኃይል ጓዝ ውስጥ ነው ማለት ነው። የአካባቢው አርብቶ አደር ከብቱ ለምን እንደሚከሳ ከቦቴጎ በፊት ያውቅ እንደነበር ግልጽ ነው፤ የተጻፈው መግለጫ ግን ይህን ዕውቀት አላካተተም። ስለ ክንፍና ስለ እግር ይናገራል፤ ስለ ከብት አይናገርም።

በቃሊቲ የተራባችው ፓሊዲፔስ በ1903 በእንግሊዛዊው ኧርነስት ኦስተን ስለ ጼጼ ዝንቦች በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ተገለጸች። ስሟ በላቲን «እግረ ፈዛዛ» እንደማለት ነው፤ የፊትና የመካከል እግሮቿ ጫፎች እንደ ሞርሲታንስ ጎላ ያለ ጥቁረት የላቸውም። የኦስተን ዘዴ በቀለምና በመጠን ላይ ያተኮረ ነበር፤ ቀለም ደግሞ በእርጅና፣ በአያያዝና በብርሃን ይለዋወጣል፤ ለዓመታት በመርፌ ተሰክታ የቆየች ዝንብ ዛሬ ከወጥመድ የወጣችውን ላትመስል ትችላለች። ጉድለቱን ያረመው የሊቨርፑሉ ሮበርት ኒውስቴድ ነው። እርሱ ከ1911 ጀምሮ ባሳተመው ጥናት የወንዱን የመራቢያ አካል፣ በተለይ በሩካቤ ጊዜ ሴቷን የሚይዝበትን ጥንድ መያዣ፣ መሠረት አድርጎ ጼጼዎችን በሦስት ቡድን ከፈላቸው። በሞርሲታንስ ቡድን ሁለቱ መያዣዎች የተጋጠሙ ናቸው፤ በፓልፓሊስ ቡድን በስስ ሽፋን ብቻ ይያያዛሉ፤ በፉስካ ቡድን የተለያዩ ናቸው። ክፍፍሉ ከመቶ ዓመት በላይ ጸንቷል። ይሁን እንጂ አስተማማኙ መለያ በወንዱ ላይ ሲሆን በሽታ ማስተላለፍ የሁለቱም ጾታ ሥራ ነው፤ በጠረን የሚስብ ወጥመድ ውስጥ በብዛት የሚገቡት ደግሞ ሴቶቹ ናቸው። የመስክ ባለሙያው ብዙ ጊዜ በእጁ ያለችው መጽሐፉ እምብዛም ያልተናገረላት ናት።

የቡድኑ ልዩነት የስም ጨዋታ አይደለም፤ የኑሮ ልዩነት ነው። ፓሊዲፔስና ሰብሞርሲታንስ የሞርሲታንስ ቡድን ሲሆኑ በቁጥቋጦና በዛፍ በተሸፈነ ሣራማ ምድር ይሰማራሉ። ፉሲፔስና ታኪኖይደስ የወንዝ ዳር ጥላ ወዳጆች ናቸው። ፉሲፔስ ሰውንና ከብትን ብቻ ሳይሆን አርጃኖንም አዘውትራ ትመጣለች። ሎንጂፔኒስ የጫካ ዝንቦች በሚበዙበት በፉስካ ቡድን ተመድባ ሳለ በደቡብ በረሃማ ምድር መኖሯ ለቡድኗ እንግዳ ጠባይ ነው። ፓሊዲፔስ ደግሞ ድኩላን፣ ከርከሮንና ከብትን ስትሻ ከሰው ትሸሻለች። ይህ የመጨረሻው ጠባይ ለጥናት ዘዴ ትልቅ ትርጉም አለው። ቀደም ባለው ዘመን የዝንብ ቆጠራ የሚካሄደው ሰዎች መረብ ይዘው እየተጓዙ ወደ እነርሱ የመጣውን በመያዝ ነበር፤ በዚህ ዘዴ ፓሊዲፔስ ከቁጥሯ በታች ትቆጠራለች። በኋላ በአሴቶንና በላም ሽንት ጠረን የሚስቡ ወጥመዶች ሲመጡ ሚዛኑ ተገለበጠ፤ ፓሊዲፔስ በብዛት ትገባለች፤ ለጠረኑ እምብዛም ደንታ የሌላቸው የወንዝ ዳር ዝርያዎች ግን ያንሳሉ። ዝርያው ሳይጠቀስ «በወጥመድ በቀን ይህን ያህል ዝንብ» ተብሎ የሚቀርብ ቁጥር ከዝንቡ ብዛት ይልቅ የወጥመዱን ጠባይ ይናገራል። በኢትዮጵያ በጼጼ የተወረረው መሬት በተደጋጋሚ ከ180,000 እስከ 220,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው ተብሎ ይጠቀሳል። በሁለቱ አኃዞች መካከል 40,000 ካሬ ኪሎ ሜትር መኖሩ አንባቢን ሊያስቆመው ይገባ ነበር።

ወደ ቃሊቲ ስንመለስ፣ የመከኑ ወንዶችን የመልቀቅ ዘዴ ከየትኛውም የነፍሳት መቆጣጠሪያ ይበልጥ በዝርያ ማንነት ላይ የቆመ ነው። የጼጼ ሴት በአብዛኛው በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ትገናኛለች። እንቁላል በብዛት አትጥልም፤ አንዱን እጭ በማሕፀኗ አሳድጋ በዘጠኝ ወይም በዐሥር ቀን አንድ ጊዜ በአፈር ላይ ትወልደዋለች፤ እርሱም ወዲያው አፈር ውስጥ ገብቶ ሙሽሬ ይሆናል። በጨረር የመከነ ወንድ ያንን አንድ ጊዜ ከወሰደ ሴቷ ዘር አትተካም። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ወንዱ የእርሷው ዝርያ ሲሆን ነው፤ የፓሊዲፔስ ወንድ ለፉሲፔስ ሴት ስጋት አይሆናትም። ስለዚህ «የቆላ ዝንብን ለማጥፋት» የሚለው የዜና አነጋገር ሥራውን በተሳሳተ መንገድ ያቀርበዋል። ሊጠፋ የታቀደው በደቡብ ስምጥ ሸለቆ 25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚደርስ ምድር ላይ የምትገኘው ፓሊዲፔስ ነበረች። አካባቢው የተመረጠውም በተራሮች የታጠረና በዋናነት የአንድ ዝርያ ግዛት ነው ተብሎ ስለታመነበት ነው።

የዚህ ዓይነቱ ዕቅድ አርአያ የዛንዚባሯ የኡንጉጃ ደሴት ናት። እዚያ ከ1994 እስከ 1997 በተካሄደው ዘመቻ ግሎሲና ኦስተኒ፣ በኦስተን ስም የተጠራችው ዝርያ፣ ሙሉ በሙሉ ጠፍታለች። ኡንጉጃ ግን 1,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት፣ በባሕር የተከበበችና አንድ የጼጼ ዝርያ ብቻ የነበረባት ምድር ናት። ዴቪድ ሮጀርስና ሣራ ራንዶልፍ በ2002 ባወጡት ትችት ጼጼን ከአፍሪካ ጨርሶ የማጥፋትን ሐሳብ ሲሞግቱ ከደሴት ወደ አህጉር መሻገር የመጠን ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያሳሰቡት በከንቱ አይደለም። ተራራ እንደ ባሕር አይዘጋም፤ በአጎራባቹ የኦሞ ጊቤ ተፋሰስም ፉሲፔስ አለች። በሌላ በኩል የትችቱ ተከታዮች አንዳንድ ጊዜ የኢትዮጵያን ሥራ ከአህጉራዊው መፈክር ጋር አንድ አድርገው ማየታቸው ፍትሐዊ አይመስልም። አንድ ዝርያን ከአንድ ሸለቆ ማስወገድና ጼጼን ከአፍሪካ ማጥፋት ሁለት የተለያዩ ዕቅዶች ናቸው፤ የመጀመሪያው ሊመረመርና ሊለካ ይችላል።

ርቢው ራሱም ሌላ ፈተና ገጥሞታል። የፓሊዲፔስን የምራቅ ዕጢ የሚያሳብጥና መራባቷን የሚያዳክም ቫይረስ ከኢትዮጵያ የተወሰደውን ርቢ በቪየና አቅራቢያ በሚገኘው የዛይበርስዶርፍ ቤተ ሙከራ ለውድቀት ዳርጎታል፤ በቃሊቲም ሥራውን አጓትቷል። ቫይረሱ በዱር ሳለች ብዙም የማይጎዳት ሲሆን በማርቢያ ውስጥ ግን በጋራ ከሚመገቡበት ደም እየተላለፈ ይስፋፋል። በ1903ቱ መግለጫ ውስጥ ስለዚህ አንድም ቃል ሊኖር አይችልም ነበር፤ ሆኖም የዛሬ አንባቢ የአንድን ዝርያ መግለጫ የእግር ቀለም ብቻ አድርጎ ቢቀበለው ከኦስተን ይልቅ ጥፋቱ የራሱ ይሆናል።

«የቆላ ዝንብና ገንዲ» ተብሎ ሁለቱ እንደ መንትያ መጠራታቸውም ሊታረም ይገባዋል። ትሪፓኖሶማ ቪቫክስ የተባለው ጥገኛ ጼጼ በሌለበትም በሌሎች ተናካሽ ዝንቦች አፍ በቀጥታ ከከብት ወደ ከብት ይሻገራል፤ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ያሉ ከብቶች በገንዲ የሚታመሙት በዚህ ምክንያት ነው። ገንዲ ስላለ ጼጼ አለች፣ ጼጼ ስለሌለች ገንዲ የለም የሚሉት ሁለቱም ድምዳሜዎች ስሕተት ናቸው። በጣና ዳር ለጼጼ የሚዘረጋ ወጥመድ ባዶውን ይመለሳል፤ ከብቱ ግን ይሞታል።

ጉዳዩ የእንስሳት ሐኪም ብቻ ነው ብሎ መተው የሚቻልበት ጊዜም አልፏል። በጋምቤላ በጊሎ ወንዝ አካባቢ የሰው የእንቅልፍ በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በ1967 ነው። እስከ 1970 የነበረውን ሁኔታ የሚዘግበው የሃቺንሰን ሰፊ ጥናት በ1971 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ሲወጣ ከስድሳ ገጽ በላይ ይዟል። ለአንድ በሽታ ይህን ያህል ገጽ የሰጠ መጽሔት ዛሬ ማግኘት ያዳግታል፤ ያም ሆኖ ወጣት ሐኪሞች ሥራውን በስም እንኳ ሲያነሱት አይሰማም። ከ1991 በኋላ በአገሪቱ የተመዘገበ ሕመምተኛ ሳይኖር ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆየ፤ በ2022 ግን በደቡብ ኢትዮጵያ በሽታው እንደገና በሰው ላይ ተገኘ። ሠላሳ ዓመት አንድ የሐኪም ትውልድ ነው። የመጨረሻዎቹን ሕመምተኞች ያከሙት ጡረታ ወጥተዋል፤ የተተኩት ደግሞ «የቆላ ዝንብ» የከብት ጠላት መሆኗን እየሰሙ ያደጉ ናቸው።

በአገራችን ሰውን የሚያጠቃው ትሪፓኖሶማ ብሩሲ ሮዴሲየንሴ ነው፤ በምዕራብ አፍሪካ ለዓመታት ከሚያንቀላፋው ከጋምቢየንሴ በተለየ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ወደ አንጎል ሊደርስ ይችላል። እዚህም የዝርያው ማንነት የምርመራውን መንገድ ይወስናል። በገበያ ላይ ያሉት ፈጣን የደም መመርመሪያዎች ለጋምቢየንሴ የተሠሩ ናቸው፤ በእነርሱ «ነጻ» የተባለ የኢትዮጵያ ሕመምተኛ ነጻ ነው ማለት አይደለም። በሮዴሲየንሴ ግን ጥገኛው በደም ውስጥ ብዙ ጊዜ በርከት ብሎ ስለሚገኝ ለወባ የተዘጋጀው ያው የደም ስላይድ ሊያሳየው ይችላል፤ ቴክኒሻኑ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሴሎቹ መካከልም ካየ ነው። የወባ ምርመራ በስላይድ ሳይሆን በፈጣን መመርመሪያ ብቻ በሚካሄድበት ጤና ጣቢያ ይህ ዕድል የለም። ትኩሳቱ በወባ መድኃኒት ያልበረደለት፣ በቆዳው ላይ የንክሻ ቁስል ያለበት፣ ከጼጼ ምድር የመጣ ሰው ስላይድ ሊሠራለት ይገባል። ጥገኛው ከተገኘ ደግሞ የአከርካሪ ፈሳሹ መመርመር አለበት። ወደ አንጎል ላለፈው ደረጃ ለረጅም ጊዜ የነበረው መድኃኒት ሜላርሶፕሮል፣ አርሴኒክ ያለበትና ራሱ ሕመምተኛን ሊገድል የሚችል መርፌ ነበር፤ በ2024 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚዋጠውን ፌክሲኒዳዞልን ለሮዴሲየንሴም አካትቷል። መድኃኒቱ ተሻሽሏል፤ ጥርጣሬው ከሌለ ግን ማንም አያዝዘውም።

ሕመምተኛው «ዝንብ ነከሰኝ» ሲል በካርዱ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ያው «ዝንብ» የሚለው ቃል ነው። የት፣ በምን ሰዓት፣ በወንዝ ዳር ወይስ በቁጥቋጦ ውስጥ፣ ከብት ሲጠብቅ ወይስ ማር ሲቆርጥ፣ የሚሉት ጥያቄዎች ሁለት ደቂቃ አይፈጁም፤ ለነፍሳት ባለሙያው ግን ከአምስቱ ዝርያዎች ቢያንስ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ከተጠርጣሪነት ያወጡለታል። ዝንቧ ራሷ ከተገኘች ደግሞ መጣል የለባትም። በደረቅ ፖስታ ውስጥ ከተያዘበት ቦታ፣ ቀንና ከፍታ ጋር ብትቀመጥ ከአንድ እግሯ በሚወሰድ ዘረመል ዝርያዋን መለየት ይቻላል። እግሩ ፈዛዛም ይሁን ጥቁር፣ ፖስታው ላይ የቦታው ስም ካልተጻፈ ግን ዝርያዋ ቢታወቅም ከየት እንደመጣች ማንም አያውቅም።